ሳያፏጭ የወረደው ወዳጅ

አንድ ሰው ነበር፤ አደን የሚወድ ሰው።

ምነው ተያያችሁ? ጠመንጃ ይዛችሁ ጫካ ግቡ ልላችሁ አይደለም፤ ስሙኝማ። ነገሩ የሆነው በአርሲ ተራሮች በኩል ነው። ያኔ ፈቃድ አውጥቶ፣ የተፈቀደለትን አንድ ያረጀ ወንድ አጋዘን አድኖ መመለስ የሚቻልበት ጊዜ ነበር። ሰውየው በከተማው እህል ይነግዳል፤ የተከበረ ነው፤ ጎረቤት ሲጣላ የሚጠራው እሱ ነው። ስሙን ያወጣለት ግን ንግዱም ሽምግልናውም አይደለም። ዓይኑ ነው! ማዶ ተራራ ላይ የቆመውን ነገር ሌላው ሰው ድንጋይ ነው፣ የለም ቁጥቋጦ ነው እያለ ሲከራከር፣ እሱ የአጋዘኑን ቀንድ አጠማዘዝ ሳይቀር ይነግራችሁ ነበር። ስለዚህ ጓደኞቹ "ንስሩ" ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ እኛም ንስሩ እንበለው።

ንስሩ የአደን ጓደኞች አሉት። ጋሽ ይልቃል ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ በዕድሜ ሁሉንም ይበልጣሉ። ቱፋ የፈረሶቹ ባለቤት ነው፤ ተራራውን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ዘለለው ደግሞ የንስሩ አብሮ አደግ ነው፤ ተረበኛ፣ አፉን ከከፈተ የሚመልሰው የለም። በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ስንቃቸውን ፈረስ ላይ ጭነው ይወጣሉ። ሚስቶቻቸው "ደግሞ ያ ጊዜ ደረሰ" ይላሉ። ባሎቹ እንደ ልጅ ደስ ይላቸዋል።

እዚያ ላይ የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። በሁለት ቋጥኞች መካከል አንዲት ጠባብ መተላለፊያ አለች፤ "በሩ" ይሏታል። ከበሩ በላይ ጥቅጥቅ ያለ የአስታ ጫካ ነው። ሦስቱ ጫካው ውስጥ ገብተው ቅርንጫፉን በዱላ እየመቱ ያባርራሉ፤ አጋዘኑ ሲሸሽ በበሩ በኩል ቁልቁል ይወርዳል፤ በሩ ላይ አንድ ሰው ጠመንጃ ደግኖ ይጠብቃል። ያ ሰው ሁልጊዜ ንስሩ ነው። በር ጠባቂ ትንፍሽ አይልም። ሊያባርር የገባ ሰው ሲጨርስ በሸንተረሩ ዞሮ ይመለሳል እንጂ በበሩ አይወርድም፤ የግድ መውረድ ካለበት ያፏጫል። ደግሞስ አጋዘን እያለፈ ሳይተኩስ የቀረ በር ጠባቂ? ወዮለት! እስኪመለሱ ድረስ ድስት አጣቢ እሱ ነው። ከተማ ሲገቡ ዘለለው ግጥም ይገጥምበታል፤ ያ ግጥም ዓመቱን ሙሉ በየጠጅ ቤቱ ሲባልበት ይከርማል።

ንስሩ ድስት አጥቦ አያውቅም።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ይህ ሰው የደበቀው ነገር ነበረው። ዓይኑ ደክሟል። የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ መብራት ሲያይ ዙሪያው ጉም ጉም አለበት። ቀጥሎ የሰው ፊት ደበዘዘበት። ገበያ ውስጥ ሰው ከሩቅ ጎንበስ ብሎ "እንደምን ዋልክ" ሲለው፣ እሱ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ሰው ምን አለ? "ኮራ!" አለ። "እህል ሲወደድለት ሰው አላይ አለ!" አለ። ባለቤቱ ወይዘሮ አስካለ ወሬውን ሰምታ ነገረችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? "ይበሉ" አላት። "ዓይንህን ሐኪም ይየው" ብትለው ደግሞ "ዓይኔ ምን ሆነና!" ብሎ ቱግ አለ።

አያችሁ ምርጫውን? ደከመ ከሚሉት ኮራ ቢሉት ተሻለው! ቆይ፣ አትፍረዱበት። እኛስ "አልቻልኩም" ማለት ሲያቅተን "አልፈልግም" ብለን የተወጣነው ስንት ጊዜ ነው? ያልገባንን ነገር "እሱማ የታወቀ ነው" ብለን ያለፍነው ስንት ጊዜ ነው? ሰው ክፉ ነው ቢሉት የሚችለውን ያህል፣ ደካማ ነው ቢሉት አይችልም።

እና በዚያ ዓመትም ጊዜው ደረሰ። ንስሩ ሊቀር ይችል ነበር። ሥራ በዛብኝ ማለት ይቻላል፤ ወገቤን ማለት ይቻላል። ግን ቢቀር በሩ ላይ ሌላ ሰው ይቆማል። ሌላ ሰው አንድ ጊዜ ከቆመ፣ ንስሩ ንስሩ መሆኑ ቀረ ማለት ነው።  ጠመንጃውን ወለወለና ወጣ።

መንገዱን ፈረሱ ያውቀዋል፤ እሱ ልጓሙን ለቀቅ አድርጎ ተቀመጠ። ዘለለው ከኋላ ሆኖ "ንስሩ፣ ያችን ገደሉ ጫፍ ላይ የቆመችውን አየሃት?" ሲለው፣ "አንተ ከማየትህ በፊት!" ይላል። ይሳሳቃሉ። ቱፋ ብቻ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየው። ንስሩ ገደሉም አልታየውም፣ የቆመችውም አልታየችውም።

በማግስቱ ጠዋት ተራራው ጭጋግ ለብሶ ነበር። ጋሽ ይልቃል "እስኪገልጥ እንቆይ" አሉ። ዘለለው ግን አላስቆም አለ። "ጭጋግ እኛን ነው የሚያስቸግረን እንጂ ይሄን ሰውዬ ምን ይለዋል? የእሱ ዓይን ግድግዳ ይበሳል!" አለና የንስሩን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ሁሉም ሳቁ። ንስሩም ሳቀ። ተነሥተው ወደ ጫካው ሲገቡ፣ እሱ በሩ ላይ ብቻውን ቀረ።

አሁን ይህን ሰው እዩልኝ። ቋጥኝ ተደግፎ ተቀምጧል። እጁን ያልበዋል፤ በዚያ ብርድ! እና ይጸልያል። አዳኝ ምን ብሎ ይጸልያል? "ጌታ ሆይ አጋዘኑን አምጣልኝ" ነው የሚለው አይደል? ይሄኛው ግን "ጌታ ሆይ፣ እባክህን ዛሬ አጋዘን አይምጣ" እያለ ነው! ሳቁ፣ ሳቁ። እኔም እሱ ራሱ ሲነግረኝ ስቄያለሁ። ግን ስንት ሰው ነው፣ የለመነው ሥራ በእጁ ገብቶ፣ የተመኘው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ "ዛሬስ ማንም መጥቶ ባልጠየቀኝ" እያለ የሚውል?

ከላይ ዱላው ቅርንጫፍ ሲመታ ይሰማዋል። ራቅ አለ። ቆመ። ከዚያ ጸጥታ ሆነ።

ድንገት በበሩ ራስ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ።

ቡናማ ነው። ጎንበስ ያለ ነው። ቁልቁል እየወረደ ነው። አንድ ጊዜ ይራመዳል፣ ይቆማል፤ ደግሞ ይራመዳል፤ ያረጀ ወንድ አጋዘን እንደዚያ ነው የሚራመደው፣ እየተጠራጠረ። የደጋ አጋዘን አንገቱ ሥር ነጭ ምልክት እንዳለው የምታውቁ ታውቃላችሁ። ንስሩ ዓይኑን አጥብቦ ሲያይ አንገቱ ላይ ነጭ ነገር ታየው።  "እሱ ነው!" አለ በሆዱ። ጠመንጃውን አነሣ፤ ትከሻው ላይ አደላደለው፤ ጣቱን ቃታው ላይ አሳረፈ።

አባቱ አደን ሲያስተምሩት አጥብቀው የነገሩት ነገር ነበር፤ ቀንዱን ሳታይ እንዳትተኩስ። ሴቷ ቀንድ የላትም፤ ሴት አትገደልም። ቀንዱን ፈለገ። የለም። "ቅርንጫፉ ሸፍኖት ይሆናል" አለ። እንደገና ፈለገ። የለም። "ጭጋጉ ነው" አለ። ቡናማው ነገር ቀረበ፤ ትንሽ ከቆየ ያልፈዋል። ካለፈው ደግሞ ድስቱ አለ፣ ግጥሙ አለ፣ ጠጅ ቤቱ አለ። ጣቱ ቃታውን መሳብ ጀመረ።

በዚያች ቅጽበት ራሱን አንድ ጥያቄ ጠየቀ። "አይቼዋለሁ ወይስ እንዲሆንልኝ ፈልጌ ነው?"

ወገኖቼ፣ ይህ ጥያቄ ከየት እንደመጣለት እሱም አያውቅም። እኔ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ እናንተም ታውቃላችሁ። እግዚአብሔር አንዳንድ ጊዜ በነጎድጓድ አይናገርም፤ በሰው ልብ ውስጥ አንዲት ጥያቄ ጣል አድርጎ መልሷን ይጠብቃል። የጠየቀውን ሰው ደግሞ አያስገድደውም። ጣቱ የንስሩ ነው። መመለስም መሳብም ይችላል።

ንስሩ ጠመንጃውን ወደ ሰማይ አዞረና፣ በር ጠባቂ ጮኾ በማያውቅበት ቦታ ላይ ጮኸ። "ማነህ? እኔ አይታየኝም! ዓይኔ አያይም!"

ገደሉ ድምፁን መለሰው። አያይም፣ አያይም፣ እያለ ተራራውን አዞረው። ዓመታት የደበቀው ነገር በየሸለቆው ተሰማ! የሸሸው ሸሸ፤ በአካባቢው የነበረ አጋዘን ሁሉ ቅርንጫፍ እየሰበረ ሲጠፋ ተሰማ።

ቡናማው ነገር ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በሰው ድምፅ "እኔ ነኝ እንጂ! ዘለለው ነኝ! ምን ማለትህ ነው አይታየኝም?" አለ።

ዘለለው እግሩ ወለም ብሎት ነበር። በሸንተረሩ መዞር ስላቃተው፣ በዱላ እየተደገፈ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በአጭሩ መንገድ በበሩ መጣ። የለበሰው ያንን የቆየ ቡናማ ካፖርቱን ነው። አንገቱ ላይ ነጭ ፎጣ ጠምጥሟል።

እያነከሰ ወረደ። ጠመንጃውን አየ፣ የንስሩን ፊት አየ፣ ሁሉም ነገር ገባው። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። 

"ደግነህብኝ ነበር?" አለ።

"ደግኜብህ ነበር።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው የማታየው?"

"አምናም አይታየኝም ነበር" አለ ንስሩ። "የአምናው አጋዘን በዕድል ነው የተመታው። አንተ ግን ለምን አላፏጨህም? ሕጋችን አይደለም ወይ?"

ዘለለው ተቆጣ። ዱላውን መሬት ላይ ወረወረው። ዓይኑ እንባ ሞላ። "ለምን አፏጫለሁ? በሩ ላይ ያለኸው አንተ ነሃ! ሌላ ሰው ቢሆን ከላይ ጀምሬ ስጮህ ነበር የምመጣው። አንተ ታየኛለህ ብዬ ነው ዝም ብዬ የወረድኩት!"

ልድገመው? ልድገመውና ስሙት። "አንተ ታየኛለህ ብዬ ነው ዝም ብዬ የወረድኩት።"

ንስሩ የደበቀው ጠላቱን ለማሳት አልነበረም። የሚጠላው ሰው እንኳ አልነበረውም። ስሙን ለመጠበቅ ብቻ ነበር። "ማንን ጎዳሁ?" ይል ነበር። ግን ውሸታችሁ መጀመሪያ የሚጎዳው ማንን ነው? ያመናችሁን ነው! ያላመናችሁ ሰው ዞሮ ያልፋል፤ ያላመናችሁ ሰው ያፏጫል። ሳይጠነቀቅ በአፈሙዛችሁ ፊት የሚመጣው የሚወዳችሁ ሰው ነው።

ጋሽ ይልቃልና ቱፋ ጩኸቱን ሰምተው እየሮጡ መጡ። ቱፋ ሮጠ ማለቴ ነው፤ ጋሽ ይልቃል ዘግይተው ደረሱ። ንስሩ ጠመንጃውን ለቱፋ ሰጠውና ሁሉንም ነገራቸው፤ ገበያውንም፣ መብራቱንም፣ አምናንም። ሲጨርስ "ድስቱን እኔ አጥባለሁ፤ ግጥሙንም ይግጠሙብኝ፤ ይገባኛል" አለ።

ጋሽ ይልቃል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ድስቱንስ ዛሬ እኔ ልጠበው" አሉ።

"እርስዎ ደግሞ ምን አድርገው ነው?" አለ ቱፋ።

"እኔ ጫካው ውስጥ ከገባሁ ቆየሁ እኮ ልጆቼ" አሉ ሽማግሌው። "ጉልበቴ እንቢ ብሎኛል። እናንተ ከዓይኔ ስትጠፉ ጫፉ ላይ ቁጭ ብዬ በዱላዬ አንዱን ግንድ ስደበድብ እውላለሁ። ትተዉኝ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት።"

መጀመሪያ የሳቀው ዘለለው ነው። እንባው ሳይደርቅ ሳቀ። "እኔ ደግሞ በጋሽ ይልቃል በኩል አንድም አጋዘን የማይወጣው ለምንድን ነው እያልኩ ስደነቅ!" አለ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። እዚያ በጭጋጉ ውስጥ፣ ያደኑት ነገር ሳይኖር፣ እንደዚያ ቀን ተሳስቀው አያውቁም። ቱፋም መንገድ ላይ ጠርጥሮ እንደነበር ተናገረ፤ "ልጠይቅህ ብዬ አፈርኩ፤ ጥፋቱ የእኔም ነው" አለ። ዘለለውን ፈረስ ላይ ሰቅለው ባዶ እጃቸውን ወረዱ።

ከተማው ጠበቃቸው። "የታለ አጋዘኑ?" አሏቸው። ዘለለው ለንስሩ አዝኖ ሊሸፍንለት አፉን ሲከፍት፣ ንስሩ ቀደመው። "ዓይኔ ታሟል" አለ። "አጋዘን መስሎኝ ዘለለውን ልገድለው ነበር።" ሰው ደነገጠ። ጥቂቶች ሳቁ፤ አልዋሻችሁም፣ ሳቁበት። ቅዳሜ ገበያ ወጣና እንደ ጥላ ያየውን ሰው ሁሉ "ይቅርታ፣ ማን ልበል? ዓይኔ አያይም እኮ" እያለ ሰላም ይል ጀመር። ኮራ ብለው ያሙት ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። አንዷማ "እኔን! ስንት ዘመን በከንቱ ተቀየምኩህ!" ብላ ጉንጩን አገላብጣ ሳመችው።

ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ዓይኑን በመብራት አየና "ሞራ ነው" አለው። "ይገፈፋል። ብዙ አቆይተኸዋል፤ ግን አልረፈደም።" ያ ሁሉ ጭንቀት፣ ያ ሁሉ ድብብቆሽ፣ መድኃኒት ላለው ነገር ነበር! ነግሮ ቢሆን ኖሮ ድሮ ይድን ነበር።

ዓይኑ የታሸገበት ፋሻ ሲነሣ ወይዘሮ አስካለ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። አያት። አያት። ደጋግሞ አያት።

"አስካለ፣ መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?"

"ቆየሁ" አለችው እየሳቀች። "አንተ ነህ የጠፋኸው።"

ይህን የነገረኝ ራሱ ንስሩ ነው። "የአጋዘን ቀንድ ከማዶ ይታየዋል ይሉኝ ነበር" አለኝ። "እኔ ግን አጠገቤ የተኛች ሚስቴ ስትሸብት አላየሁም። ለስሜ ስል ፊቷን ተነጠቅሁ።"

እና አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

እናንተ ምን እየደበቃችሁ ነው? ዓይናችሁ ደኅና ይሆናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ጸሎት ከተውክ የቆየህ፣ ሰው ግን "ጸልይልኝ" እያለ የሚለምንህ አባወራ የለህም? ትዳርሽ ሲፈርስ እየታየሽ፣ ሙሽሮች "ምከሪን" ብለው ቤትሽ ሲመጡ ቡና አፍልተሽ የምትመክሪ እናት የለሽም? መጠጡ አልለቅህ ብሎ፣ "እኔ እንደሆንኩ በፈለግሁ ቀን አቆማለሁ" የምትል ወንድሜ የለህም? ሰው በሙሉ ልቡ እያመናችሁ ነው። በጭጋግ ውስጥ ዝም ብሎ እየወረደ ነው። ልጆቻችሁ እየወረዱ ነው! ለምን አያፏጩም? በሩ ላይ ያላችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ነዋ! አባቴ ያየኛል፣ እናቴ ታየኛለች ብለው ነዋ!

ላስፈራራችሁ አይደለም። እኔ የምነግራችሁ የምሥራች ነው። ንስሩ የፈራው ምን ነበር? ከተናገርኩ ይተዉኛል፣ ስሜ ይጠፋል፣ ቦታዬ ይወሰዳል ብሎ ነው። እውነትም ከዚያ ወዲያ በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆመ፤ ዘለለው ነው የቆመው። ንስሩ ዓይኑ ቢበራም አልመለስም አለ፤ "ከጋሽ ይልቃል ጋር ቁጭ ብሎ ግንድ መደብደብ ይሻለኛል" አለ። ስሙን ትንሽ ተቀማ። ግን ምን አገኘ? ወዳጁን አገኘ፣ ገበያውን አገኘ፣ ዓይኑን አገኘ፣ የሚስቱን ፊት አገኘ። አንድ ቃል ነው የተናገረው፤ አይታየኝም አለ። እግዚአብሔር ፊት ለመቆም ዓይነ ብሩህ መሆን አያስፈልግም ወገኖቼ። አይታየኝም ማለት በቂ ነው። እሱ ያላየነውን ያያል፤ ያልነገርነውንም ያውቃል፤ ግን አፋችንን ከፍተን እንድንነግረው ይወዳል።

ስለዚህ ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ ቤት ከመድረሳችሁ በፊት ለአንድ ሰው ንገሩ። ለሁሉ አይደለም፤ በአደባባይ አይደለም። ለሚወዳችሁ ለአንድ ሰው። "ይሄ ነገር አቅቶኛል" በሉት። ድምፃችሁ ቢንቀጠቀጥ ይንቀጠቀጥ። የሚስቅባችሁ ቢኖር ይሳቅ። የሚያቅፋችሁ ግን ከሚስቅባችሁ ይበዛል።

የምነግረው ሰው የለኝም የምትሉ ካላችሁ ደግሞ፣ ጉባኤው ሲበተን እኔ እዚህ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። አልቸኩልም። ምሳዬ ቢቀዘቅዝም ግድ የለኝም።